በፍልሰታ የተወረወረ አሎሎ

ስለ ባለቤቴ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ካረፈ ወዲህ ወዳጆቼ ጻፊ፣ ይቀልልሻል ይሉኛል፤ እኔም እሞክራለሁ። አንድ መስመር እጽፍና አቆማለሁ። አንዳንዴ እሱኑም ሳልጽፍ ብዕሩን መልሼ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤቱ የቀሩትን ዕቃዎቹን ልረከብ ወደ ኢምባካሲ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዎች ኖራ እየነሰነሱ መስመር ሲያሰምሩ አየሁ። የታክሲው መስኮት ክፍት ስለነበር የእርጥብ ኖራና የታጨደ ሣር ሽታ ገባ። ቤት ተመልሼ ስቀመጥ እጄ የሄደው አባቴ አሎሎ ወደወረወረበት ዓመት ነው። ለአሁኑ ሐዘኔ ገና ቃል አላገኘሁለትም። የዚያኛው ጊዜው ረዝሟል፤ ቃሉ ይመጣል።

የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሊገባ ጥቂት የቀረው ሰሞን ነበር። ናይሮቢ እንደኛ አገር ክረምት የላትም፤ ነሐሴ ላይ ግን ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ዝቅ ይልና ቀኑን ሙሉ ይቀዘቅዛል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። የምንኖረው ኢምባካሲ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ ፎቅ ላይ ነው። አባዬ በካርጎ መጋዘን ፎርክሊፍት ይነዳል። እማዬ ደግሞ ሁርሊንግሃም በሚገኘው የእትዬ በላይነሽ ምግብ ቤት ወጥ ቤቱን ትመራለች።

አባዬ በተማሪነቱ አሎሎ ወርዋሪ እንደነበረ ያወቅሁት በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ለእኔ ጀርባው ሰፊ፣ ከሥራ ሲመጣ የናፍጣ ሽታ ያለው ሰው ነበር፤ በቃ። አንድ ቀን ኪሌሌሽዋ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ለማንም ሠራተኛ ክፍት የሆነ የአማተሮች ውድድር እንዳለ ሰምቶ መጣ። ሩጫ አለ፣ ዝላይ አለ፣ አሎሎም አለ። እማዬ ቢላዋዋን እንደያዘች ዞር ብላ አየችው።

«አርባ ካለፈህ በኋላ?»

«አሎሎ ዕድሜ አይጠይቅም፤ ክብደት ነው የሚጠይቀው» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገ።

እማዬ ሳቀች፤ አልከለከለችውም። ለምን እንዳልከለከለችው በኋላ እኔን ሽንኩርት እያስላጠች ነገረችኝ። አባዬ ልጅ እያለ ለክፍለ ሀገር ውድድር ተመርጦ ነበር። ጉዞው በደረሰበት ሳምንት አባቱ ሞቱ። ጎረቤቶች ገና ሳይነጋ መጥተው መርዶውን ነገሩት፤ ያሰረውን ቦርሳ ፈታ፤ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለብሶ ከረመ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠራውም።

አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ የራሷ ስልክ አልነበራትም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬ ከቤቷ ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ይደውላል፤ ባለሱቁ ደጅ ወጥቶ ሲጣራ በስልኩ ውስጥ ይሰማናል። ከዚያ የእርምጃዋ ድምፅ፣ ከዚያ ትንፋሿ። ስለ ውድድሩ የነገራት ዕለት ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ከፍ አድርጎት ነበር።

«ኬንያ ድረስ የሄድከው ድንጋይ ልትወረውር ነው? እዚህስ ድንጋይ መች ጠፋ?»

«ብረት ነው እናቴ።»

«ብረቱማ ይባስ።»

ስቀን ሳንጨርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ያን ጊዜ በአባትህ ሐዘን ያስቀረሁህ እኔ ነኝ፤ ሂድ ብዬህ ቢሆን ኖሮ ማንም አይናገርህም ነበር፤ አሁን ሂድና ወርውር፣ የት እንደደረሰም ከማንም ሳልሰማ አንተው ደውለህ ንገረኝ አለችው። ፍልሰታ እየገባ ነውና ጾሙን እንዳይገድፍም አስጠነቀቀችው። አባዬ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዞት ተቀመጠ።

አሎሎውን የሠራለት በመንደራችን ጫፍ በፀሐይ ላይ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነው። ፍጹም ክብ አልነበረም፤ አንድ ወገኑ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ነበር። ከፎቃችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ፣ አባዬ በኖራ ክብ አሠመረና ከሥራ ሲመለስ እዚያ ይለማመድ ጀመር። የእኔ ሥራ አሎሎውን መመለስ ነበር። የኢምባካሲ አፈር ጥቁር ነው፤ ሲደርቅ እንደ ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ ጠል ሲያርፍበት ደግሞ እንደ ሊጥ ይይዛል። ብረቱ የገባበትን በጣቴ ቆፍሬ አወጣና እንደ ሕፃን ሆዴ ላይ ታቅፌ አመጣለሁ። እጄ እስክተኛ ድረስ ብረት ብረት ይሸት ነበር።

«አይወረወርም» ይለኛል አባዬ፣ አሎሎውን ከአንገቱና ከአገጩ መሀል እያስቀመጠ። «ይገፋል። ጉልበቱ ከእግር ነው የሚመጣው፤ ክንድ መልእክተኛ ነው።»

አብሮት የሚለማመድ አንድ ሰው ነበር፤ ከፎቃችን ሥር ሥጋ የሚሸጠው ኦዱር። ከአባዬ በአንድ ራስ ይረዝማል፤ ከሱቁ የሚመጣው ሽርጡን ሳያወልቅ ነው። አባዬ በፍልሰታ እንቁላል እንኳ እንደማይቀምስ ሲሰማ አላመነም። ኡጋሊ በሱኩማ፣ የበቆሎ ገንፎ በጎመን፣ ብቻ በልቶ መምጣቱን ሲያይ በስዋሂሊ ይቀልድበታል።

«ራፊኪ፣ ወዳጄ፣ በቅጠል ነው የምትወረውረው? ና ጉበት ልስጥህ። እግዚአብሔር በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ነው፣ አያይህም።»

«ያያል» ይላል አባዬ። «ካላየም እናቴ ታያለች።»

ከዚያ ወረወረ። ከኦዱር አለፈ። ኦዱር ሽርጡን አውልቆ መሬት ላይ ጣለ።

አያቴ መሞቷን የሰማሁት ሁርሊንግሃም፣ በምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። የእትዬ በላይነሽ ስልክ ጮኸ፤ ወደ ጓሮ፣ ከሰሉ ወዳለበት ወጡ። ሲመለሱ የወጥ ቤቱን በር ዘጉት። ያ በር ተዘግቶ አይቼው አላውቅም ነበር። እማዬን በስሟ ጠሯት፤ እማዬ የለስላሳ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። መልእክቱ ወደ እኛ ቤት ያልመጣው እንደዚያ ዓይነት ወሬ ባለቤቱ ዘንድ በቀጥታ ስለማይደወል ነው፤ መጀመሪያ ሰው ሊሰበስብ የሚችል ሰው ይፈለጋል። በእኛ መሀል ያ ሰው እትዬ በላይነሽ ነበሩ። አያቴ ጥቂት ታማ ሞታለች፤ ተቀብራለች።

አቶ ንጉሤ ተጠሩ። የመኪና መለዋወጫ ይነግዳሉ፤ በናይሮቢ ከምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሄደን እንንገረው፣ ሐዘን አይታቀፍም አሉ። እትዬ በላይነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ጊዜ በሐዘን ቀርቷል። ሁለተኛ አናስቀረውም። መጪው ቅዳሜ ይወርውርና እሑድ ጠዋት ይሰማል። አሁን ከሰማ ዓመት ሙሉ ከቤት አይወጣም፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ክንዱ ሌላ ክንድ ነው።»

«ነገ እሑድ አይደል? ቢደውልስ?» አሉ አቶ ንጉሤ።

እትዬ በላይነሽ ትንሽ አሰቡ። «ሱባኤ ገብታለች ይባላል። ባለሱቁን እኔ እነግረዋለሁ።»

«በጾም ውሸት፣ በላይነሽ?»

«ኃጢአቱ በእኔ።»

አሮጊቶች በፍልሰታ ገዳም ሱባኤ ይገባሉና ማንም የማይጠራጠረው ውሸት ነበር። እኔን ያዩኝ ያኔ ነው። ሽንኩርቱ እጄ ላይ ነው። እትዬ በላይነሽ ጎንበስ ብለው ጉንጮቼን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሰናይት፣ ሰምተሻል። አባትሽ ይህን የሚሰማው ተቀምጦ፣ ሰው ከቦት ነው። ካንቺ አፍ እንዳይሰማ፣ እሺ የኔ ልጅ?»

እሺ አልኩ። የገባኝ ግን በልጅ መንገድ ነው። ለእማዬ፣ ለእትዬ በላይነሽ፣ ለእኔ አያቴ ሞታለች። ለአባዬ ግን ገና አልሞተችም፤ እሱ ጋ አሁንም ከሱቁ ፊት ለፊት ትኖራለች፣ ስትጠራ ትመጣለች። በዓለም ላይ የቀረችው እዚያ ብቻ ነው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ የምገድላት እኔ ነኝ። ስለዚህ አባዬን እንደሚሰበር ዕቃ መጠበቅ ጀመርኩ። ሲበላ አየዋለሁ፣ ሲስቅ አየዋለሁ። ሲስቅ፣ አያቴ ገና አለች እላለሁ በልቤ።

እሑድ ደወለ። ባለሱቁ እንደተነገረው ተናገረ። አባዬ ከመናደድ ይልቅ ኮራ፤ በዚህ ዕድሜዋ ሱባኤ! አለ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆመው ለቀሩት ሁሉ ሊነግር ተመልሶ ሄደ። እነሱ ሁሉ ሰምተው ነበር። አንዱ ሱባኤዋን ይቀበልላት አለ፤ ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጸሎቷ ይድረሰን አለች። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አባዬ እጃቸውን እየጨበጠ አሜን፣ አሜን ይላል። እማዬ ክንዴን በጣም አጥብቃ ስለያዘችኝ ማልቀስ ብፈልግም አልቻልኩም።

በዚያ ሳምንት ልምምዱ ጨመረ። አውሮፕላን ሲያልፍ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም፤ አባዬም እስኪያልፍ አሎሎውን አንገቱ ላይ እንደያዘ ይጠብቃል። አንድ ቀን አንድ ትልቅ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ፣ አሁን ብናገር ማንም አይሰማም የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ከአሎሎው ይከብድ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አባዬ» ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ራቀ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ።»

«እየጸለይኩ ነው» አልኩ። በጾም የዋሸን ሰዎች ቁጥር በአንድ ጨመረ።

ቅዳሜ ሰማዩ እንደለመደው ዝቅ ብሎ ዋለ። ሜዳው ጠዋት ታጭዶ፣ በጠሉ ላይ ኖራው አዲስ ፈስሶ ነበር። አሎሎ ሊወረውሩ የመጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የባንክ ጥበቃ፣ የማታቱ ሚኒባስ ረዳት፣ አንድ መምህር፣ ኦዱርና አባዬ። አባዬ ስልኩን ሰጠኝ። እንደጨረስኩ ባለሱቁ ጋ እደውላለሁ፤ ሱባኤ ላይም ብትሆን መልእክት የሚያደርስ አይጠፋም አለኝ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም ተቀመጠ።

ዕቅዱ እኔና እማዬ ብቻ እንድንሄድ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዕለት ለማንም ቤቱ መቀመጥ አልሆነለትም መሰለኝ። መጀመሪያ እትዬ በላይነሽ መጡ፣ የቅዳሜ ምሳ ገበያቸውን ጥለው። ከዚያ አስተናጋጆቹ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ከዚያ አቶ ንጉሤ ከዘራቸውን ይዘው። ሣሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጥቁር እንዳይለበስ ተማክረው ስለነበር ሁሉም የሠርግ ልብስ የለበሰ ይመስላል። እኔ ለአፍታ ሁሉንም ረስቼ ኮራሁ፤ ለአባዬ ነው የመጡት አልኩ። ስለ አሎሎ የሚያውቅ በመሀላቸው ስላልነበረ አባዬ ሲወረውርም፣ ኦዱር ሲወረውርም፣ ዳኛው ውርወራ ሰርዞ ቀይ ባንዲራ ሲያነሣም ያጨበጭባሉ። ኦዱር ወደ አባዬ ዞሮ የእናንተ ሰዎች እኔንም ወደዱኝ እያለ ይስቅ ነበር።

አባዬ ጥሩ ወረወረ። ሊጠናቀቅ አንድ ዙር ሲቀር ኦዱር አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ ነበር፤ መሀላቸው ያለው አንድ ጫማ የማይሞላ ነው። እረፍት ሲሰጥ ፊቱን እየጠረገ እንግዶቹን ሰላም ሊል ሄደ። ደስታው ከሩቅ ይታያል። ምን ተገኘ ዛሬ፣ ምግብ ቤቱንም ዘጋችሁት? እያለ ቀረባቸው።

ሁሉም ተነሡ።

አስተናጋጆቹ ተነሡ፣ እትዬ በላይነሽ ተነሡ፣ አቶ ንጉሤም ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በሚያማቸው ጉልበት ተነሡ። እንደ አቶ ንጉሤ ያለ ሽማግሌ ለታናሹ አይነሣም፤ ለሐዘንተኛ ካልሆነ በቀር። ደግሞ ሰው ለሰው ሲነሣ ኖር ይላል። ማንም ኖር አላለም።

«ኧረ በማርያም፣ ተቀመጡ» አለ አባዬ።

አልተቀመጡም። አቶ ንጉሤ የጨበጡትን እጁን አለቀቁትም። አባዬ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ፤ እትዬ በላይነሽ ጋ ሲደርስ እሳቸው ሣሩን እያዩ ነበር። ትከሻው ቀስ ብሎ ሲወርድ ካለሁበት ሆኜ አየሁት። በዚያ ቅጽበት ስሙ ተጠራ። የመጨረሻው ዙር ነው።

ወደ እኔ መጣ። ከፊቴ ቁጢጥ አለ። ፎጣው በእጄ ነው፤ ሌላው እጄ ኪሴ ውስጥ ስልኩን ጨምድዷል።

«ሰኒ» አለ። «አያትሽ…»

ከንፈሬን በጥርሴ ያዝኩ። ያየኝን አያየት እስከ ዛሬ አልረሳም። መልሱ ፊቴ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር፤ የነገርኩትም እኔ ሆኜ እቀር ነበር። እሱ ግን ከንፈሬን፣ ከዚያም ኪሴን አየና ጥያቄውን ዋጠው።

«ፎጣውን ስጪኝ» አለ።

አሎሎውን ጠረገ። ክቡ ውስጥ ገባ። ለረጅም ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ዳኛው ሊያስቸኩለው እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው። ከዚያ ጎንበስ አለና ተሽከረከረ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከአባዬ ደረት ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። ብረቱ ከእጁ ሲወጣ ወዴት እንደሄደ አላየም። በአሎሎ ሕግ ወርዋሪ ከክቡ የሚወጣው በኋለኛው ወገን ነው፤ በፊት ከወጣ ውርወራው ይሰረዛል። ይህን ለእኔም ለኦዱርም ያስተማረን እሱ ነበር። አባዬ ግን ወደ ፊት ወጣ። የእንጨቱን ደፍ ረግጦ ተሻገረና የኖራውን መስመር እያቋረጠ በቀጥታ ወደ ቆሙት ሰዎች ሄደ። ዳኛው ቀዩን ባንዲራ አነሣ። የሚያጨበጭብ አልነበረም።

«እናቴ ናት?» አለ።

«አዎ ልጄ» አሉ አቶ ንጉሤ። «እናትህ አርፋለች።»

ከዚያ የሆነውን ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። ኪሌሌሽዋ መሀል፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ የሠርግ ልብስ ለብሶ ለቅሶው ተነሣ። በሜዳው ማዶ የሚሮጡት ቆሙ። ኦዱር ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ባርኔጣውን አወለቀ።

እኔ ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም። ዳኛው መለኪያውን ይዞ አሎሎው የወደቀበት ቆሞ ነበር። ባይያዝም ለካው፤ አላስችለው ብሎ ይሆናል። መጥቶ በእንግሊዝኛ፣ ልጁ ነሽ? አለኝ። የዛሬው ረጅሙ ይህ ነበር፤ በኋላ በኩል ቢወጣ አንደኛ ነበር፤ ሲረጋጋ ንገሪው አለኝ። እሺ አልኩት። ኦዱር አጠገባችን ቆሞ ሰማ።

ቤታችን ፍራሽ ተነጠፈ። ኦዱርም መጣ፤ አዲስ የታረደ የፍየል እግር በወረቀት ጠቅልሎ። እማዬ በሁለት እጇ ተቀብላ አመስግናው፣ እሱ ሲሄድ ለፎቁ ዘበኛ ሰጠችው። ከአባዬ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ፖሌ ሳና ብቻ ይል ነበር፤ አዝናለሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ዳኛው ያለውን ለአባዬ አልነገረውም። እኔም አልተናገርኩም።

አባዬ ዓመቱን በጥቁር ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ አሎሎ አላነሣም። አሁን ሸምግሏል፤ በእኔ ሐዘን ሰሞን እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል። ባለፈው፣ ያ የመጨረሻው አሎሎ የት ወደቀ ሰኒ? አለኝ። ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

አንተን ነበር የማየው፣ ብረቱን አላየሁም አልኩት።